የሚሰበርበትን የሚያውቅ ፍሬም፦ «ሶርስ ዋን» ሲመዘን

የምህንድስና ንድፍም እንደ ድርሰት ይነበባል፤ ይሔሳልም። መዋቅር አለው፣ የአነጋገር ስልት አለው፣ ሊደርስበት ያሰበው ግብ አለው። «ሶርስ ዋን» እንዲህ መነበብ የሚገባው ሥራ ነው። ቲም ብላክሺፕ የተባለው፣ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መገባደጃ ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ንድፍ ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ድሮን የሚሸከም የካርቦን ፋይበር ፍሬም ነው። ድሮኑ ኤፍ ፒ ቪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አብራሪው መነጽር አጥልቆ፣ ድሮኑ ግንባር ላይ ካለው ካሜራ የሚደርሰውን ቀጥታ ምስል እያየ ያበርረዋል። የፍሬሙ የመቁረጫ ሥዕሎች ለማንም ክፍት ናቸው። ያሻው አውርዶ ያያቸዋል፣ ያሻሽላቸዋል፣ አስቆርጦም ይሸጣቸዋል። ኩባንያው ራሱ አስቆርጦ ሲሸጥ ዋጋው 30 ዶላር አይሞላም ነበር። ሥራው ከአብራሪዎች በመጣ አስተያየት እየታረመ አምስተኛ እትም ላይ ደርሷል።

«ጠንካራ ፍሬም የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ወፍራሙን ያዝ» የሚል ነው። ደሴ ላይ ጥያቄው ከዚህ ይሰፋል። ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ብሎን ከነዳዶው፣ ሮንዴላ፣ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ኮምፔንሳቶ ፈልጎ አያጣም፤ የተሰበረ የካርቦን ክንድ የሚተካ ግን አያገኝም። እሱ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ወይ በመንገደኛ እጅ ወይ በፖስታ፣ ሳምንታት ቆይቶ። እዚህ ፍሬም የሚመርጥ ሰው እንግዲህ «ይሰበራል ወይ?» ብሎ ብቻ ማቆም አይችልም። ሲሰበር ምኑ ነው የሚሰበረው? የተሰበረውን ማን፣ በምን ይተካዋል? «ሶርስ ዋን» ለመጀመሪያው ጥያቄ የተዋጣ መልስ አለው፤ ለሁለተኛው ግማሽ መልስ።

ከመዋቅሩ ልጀምር። ሥራው አራት የተለያዩ ክንዶች አሉት። ክንዶቹን ከላይና ከታች ጨምቀው የሚይዙ ሁለት ሳንቃዎች አሉ፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ በአሉሚኒየም ምሰሶዎች ላይ የተቀመጠ ሦስተኛ ሳንቃ። ካሜራውን ግራና ቀኝ የሚያቅፉት ትንንሽ ሳንቃዎች ከፊት ይቆማሉ። በመሐሉ ክፍተት ውስጥ የበረራ መቆጣጠሪያው ሰሌዳና የሞተሮቹ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተደራርበው ይገባሉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም በዘርፉ በተለመደው 30.5 በ30.5 ሚሊ ሜትር ልክ የተበሱ ናቸው። ባትሪው ከላይኛው ሳንቃ ላይ በማሰሪያ ይታሰራል። ከዚህ ውጭ የተጨመረ ነገር የለም።

የሥራው አንኳር ሐሳብ ያለው በክንዶቹ መለያየት ላይ ነው። ሌላው የአሠራር ወገን አራቱን ክንድ ከነመሐሉ ከአንድ ሳንቃ ወጥ አድርጎ ይቆርጣል። ወጥ ፍሬም የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ለክብደቱ ግትር ነው፣ የሚላላ መገጣጠሚያ የለውም፣ ብሎኑም ጥቂት ነው። ለእሽቅድምድም የሚሠሩ ብዙዎቹ ትንንሽ ፍሬሞች በዚህ መንገድ ቢሄዱ አይገርምም። ነገር ግን አንዱ ክንድ ሲሰበር ሙሉው ይጣላል። ሞተሩ ሁሉ ተፈትቶ፣ ሽቦው ሁሉ በስታኞ ማቅለጫ ተላቆ ሥራው እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል። ምትክ በሦስተኛው ቀን ደጅ ላይ ለሚደርስለት ሰው ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ይሆናል። ለደሴው ልጅ ግን አንድ ክረምት ያለ ድሮን መቀመጥ ማለት ሊሆን ይችላል።

መለያየቱ በመጀመሪያ ንባብ የማይታይ ሌላ ጥቅምም አለው፤ እሱን ለማየት ካርቦኑን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። የካርቦን ሳንቃ በሙጫ የተጣበቁ የጨርቅ ንብርብሮች ናቸው። ኃይሉ በክሩ አቅጣጫ ሲመጣ ሳንቃው እጅግ ግትር ነው። በሰያፍ ሲመጣ ግን ጭነቱ ከክሩ ወደ ሙጫው ይዞራል፤ በተለመደው ባለ ሁለት አቅጣጫ ሽመና ላይም ግትርነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ወጥ ፍሬም የሚቆርጥ ሰው ክንዶቹ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ካልተራራቁ በስተቀር አራቱንም ከክሩ ጋር ማስማማት አይችልም፤ አስማማም እንኳ በክንዶቹ መካከል ያለው ሳንቃ ይባክናል። ለብቻው የሚቆረጥ ክንድ ግን በርዝመቱ ከክሩ ጋር ይሰለፋል፤ ጎን ለጎን ስለሚደረደርም ብክነቱ ያንሳል። የሥራው ዋጋ ዝቅ ማለትና የክንዱ ጥንካሬ ከአንድ ውሳኔ የመጡ ናቸው። ቅርጽና ይዘት ተዋሕደዋል የምንለው ይህን የመሰለውን ነው።

ወደ ውፍረቱ ስንመጣ የንድፉ ብስለት በቁጥር ይታያል። ባትሪውንና ካሜራውን ጨምሮ 650 ግራም የሚመዝን ድሮን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከግንብ ጋር ቢጋጭ 130 ጁል ገደማ ጉልበት ይዞ ነው የሚደርሰው። አንድ ኪሎ ድንጋይ ከ13 ሜትር ከፍታ፣ ከአራተኛ ፎቅ ማለት ነው፣ ሲለቀቅ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ያህል ነው። ይህን የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ክንድ ጫፍ ነው። የአንድ ሳንቃ መታጠፍን የመቋቋም ግትርነት በውፍረቱ ኩብ፣ እስኪሰበር የሚሸከመው ጭነት ደግሞ በውፍረቱ ካሬ ያድጋል። ክንዱን ከ4 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያወፈረ ሰው ክብደቱን በሩብ ጨምሮ ግትርነቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል፤ የመሰበሪያ ጭነቱም ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ክብደቱ የጨመረው ግን በግማሽ ብቻ ነው። «ሶርስ ዋን» ግራሙን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ክንዶቹ ወፍራም፣ ሳንቃዎቹ ቀጫጭን ናቸው። መቆጠብ ያለበት ቦታ ቆጥቧል፤ መስጠት ያለበት ቦታ አልሰሰተም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራው የሚሰበርበትን ቦታ አስቀድሞ መርጧል። ግጭት ከባድ ሲሆን ክንዱ ይሰበራል። ክንዱ ከሁሉም ርካሹ ክፍል ነው፤ መሐል የተቀመጡት ሰሌዳዎች ግን ከፍሬሙ በዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ክንድ ሳይሰበር ጉልበቱን በሙሉ ወደ መሐል ቢያስተላልፍ የሚጎዱት እነሱ ነበሩ። ክንዱን የያዙትን ብሎኖች ፈትቶ፣ የተሰበረውን አውጥቶ፣ አዲሱን ከትቶ፣ ሞተሩን መልሶ ማሰር ማንም ጥንቁቅ እጅ ያለው ሰው የሚሠራው ነው። በእኔ ግምት ጽናት የሚባለው ባሕርይ በዚህ ሥራ ውስጥ ትርጉም ያገኘው በዚህ ቦታ ነው፤ ዋናውን ለማትረፍ የትኛው ክፍል መሥዋዕት እንደሚሆን ተለይቶ ታውቋል።

የንድፉ አነጋገር ቁጥብ ነው። ሌሎች ፍሬሞች ላይ ለማማርም ለማቅለልም ተብለው የሚቦረቦሩት መስኮቶች እዚህ ብዙ አይታዩም። ይህ ትክክል ነው፤ በካርቦን ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ የተቆረጠ ክር ነው፣ እያንዳንዱ ሹል የውስጥ ማዕዘንም ስንጥቅ የሚጀምርበት ነው። ክንድን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ሁለት ነገር ላሳይ። አንደኛው ጫፉ ነው፤ ሞተሩ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች በ16 በ16 ሚሊ ሜትር ልክ ተበስተዋል፣ በመሐላቸውም ለሞተሩ ዘንግ ክፍተት አለ። ክንዱ ከግጭት ጋር የሚገናኘው በዚሁ አምስት ቀዳዳ በተጨናነቀበት ጫፍ ነው፤ ስለዚህ በቀዳዳውና በጠርዙ መካከል የሚቀረው ሥጋ ስፋት የማንኛውም ፍሬም ታማኝነት መለኪያ ነው። ሁለተኛው የጎኑ ጠርዝ ነው። ከግጭት በኋላ ጠርዙን ብርሃን ላይ አዙሮ ሲያዩት በንብርብሮቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ከታየ ሙጫው ለቋል ማለት ነው። ዓይን ከተጠራጠረ በሳንቲም ጠርዝ ከሥር እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የለቀቀበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። እንዲህ ያለ ክንድ ገና አልተሰበረም፤ ግን ሞቷል፤ ከመብረሩ በፊት መቀየር አለበት።

የሥራው ባለቤት የሆነው ኩባንያ መሥራች ራፋኤል ፒርከር በዘርፉ «ትራፒ» በሚለው ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባደረገው በረራ ምክንያት የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር 10,000 ዶላር ሊቀጣው ከሰሰው፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2015 በ1,100 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ጉዳዩ ትንንሽ ድሮኖች በሕግ ዓይን አውሮፕላን ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ጥያቄ ወደ ፍርድ ያመጣ በመሆኑ ይጠቀሳል። ደራሲን በሥራው፣ ሥራን በደራሲው መዳኘት አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁንና «ሶርስ ዋን» ውስጥ ያለው ልግስና፣ ኋላ የማነሣው የማስጠንቀቂያ ማነስም፣ የአንድ ድፍረት ሁለት ፊት ይመስሉኛል።

ንጽጽር ሳይደረግ ፍርድ አይሰጥም። አርማታን የተባለው መቀመጫው ታይዋን የሆነ ፍሬም ሠሪ ለጽናት ጥያቄ የሰጠው መልስ የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው፤ ገዢው በበረራ የሰበረውን የካርቦን ክፍል ኩባንያው ይተካለታል፣ ማጓጓዣውን ገዢው ይከፍላል። ጥራቱን የሚተማመን ብቻ የሚገባው ቃል ነው፤ ሥራውም የሚከበር ነው። ግን ይህ ዋስትና ደሴ ሲደርስ ይሳሳል። ክንዱ በነፃ ቢሰጥም መንገዱ በነፃ አይሰጥም፤ ጉምሩኩና ጥበቃውም አሉ። የ«ሶርስ ዋን» መልስ ሥዕሉን ራሱን መስጠት ነው። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ፣ ሞዴሉን ማምረት ቢያቆም፣ ወይም ዕቃ ወደ እኛ መላክ ቢያስቸግረው ሥዕሉ በእጃችን ይቀራል። ለእኛ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይህኛው ነው።

ከሁለቱ በፊት የመጣ ሌላ ሥራም መታወስ አለበት። ስዊድናዊው ዴቪድ ዊንደስታል ባለ ሦስት ክንድ ድሮኑን የሠራው በእንጨት ክንዶች ነው፤ 10 በ10 ሚሊ ሜትር በሆነ የጥድ ዘንግ። እንጨት የሞተርን ንዝረት ይውጣል፣ በማንኛውም አናጢ ቤት ይገኛል፣ ሲሰበርም ሐዘኑ አጭር ነው። ካርቦን ከመንገሡ በፊት የነበረው ይህ አሠራር ድሃ አማራጭ ተደርጎ መታየቱ ፍትሐዊ አይደለም። የ«ሶርስ ዋን»ን ሥዕል ይዞ በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ክንድ የሚቆርጥ የደሴ ወጣት የካርቦኑን ግትርነት አያገኝም። ግን ቀዳዳው የት እንደሚውል፣ ክንዱ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ሚዛኑ የት እንደሚያርፍ በእጁ ይማራል። አሉሚኒየም ለዚህ ከእንጨት ያንሳል፤ ከካርቦን ሳንቃ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ የከበደ ነው፣ አንዴ ከታጠፈም ታጥፎ ይቀራል፤ ጥቂት የታጠፈ ክንድ ደግሞ ከተሰበረው የከፋ ነው፣ ጉዳቱን ደብቆ ይበርራልና።

ሥራው ሲታሰብ ያልተገመተ ነገር አየራችን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በመደበኛው ስሌት ከባሕር ወለሉ በ22 በመቶ ያነሰ ነው። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ነውና ያንኑ ክብደት ለመሸከም ሞተሩ 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር፣ ባትሪውም በዚያው ልክ ተጨማሪ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ጉድለቱም ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። አንድ ድሮን በአንድ ቀን በሁለት ዓይነት አየር መፈተን የሚቻልበት እንዲህ ያለ አጎራባች ቦታ ብዙ የለም። ለፍሬም መራጩ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ግራም ከሌላው አገር ይልቅ ውድ ነው። «ወፍራሙን ያዝ» የሚለው ምክር ደሴ ላይ ግማሹ ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ክንዱ ይወፍር፤ የቀረው ሁሉ ይቅለል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ።

የመጀመሪያውና ዋናው፣ ክፍትነቱ ግማሽ መሆኑ ነው። የመቁረጫ ፋይል መስመር ይሰጣል፤ ቁሱን አይሰጥም። የክሩን አቅጣጫ፣ የንብርብሩን አደራደር፣ የሙጫውን ጥራት ከመስመር ላይ ማንበብ አይቻልም። ያው ሥዕል ከጥሩ ሳንቃ ሲቆረጥ ግጭት ይችላል፤ ከርካሽ ሳንቃ ሲቆረጥ በመጀመሪያው ውድቀት ንብርብሩ ይላቀቃል። ሁለቱም ግን በአንድ ስም ይሸጣሉ። ማንም እንዲያመርተው የተፈቀደ ሥራ ጥራቱን የሚጠብቅ ቃል አብሮት ሊኖረው በተገባ ነበር፤ ቢያንስ ክንዱ በየትኛው አቅጣጫ እንዲሰለፍ፣ የትኛው የካርቦን ዓይነት እንደሚበቃ፣ የትኛው እንደማይበቃ። ገዢው ይህን ሸክም ራሱ መሸከም አለበት፤ ከታወቀ ሻጭ መግዛት፣ ሲደርሰው ጠርዙን መመርመር።

ሁለተኛው ጉድለት ሥራው ለማያውቀው አንባቢ የሚናገረው ማነሱ ነው። ሥዕሎቹ «እንዲህ ቁረጥ» ይላሉ እንጂ «እንዲህ የሆነው ስለዚህ ነው» አይሉም። ልምድ ያለው ሰው ምክንያቱን ከቅርጹ ይገምታል፤ ጀማሪው ግን ይቀዳል፣ ሲቀዳም የሚጎዳውን ሳያውቅ ይቀዳል። ለምሳሌ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሚገባ ያልተሸፈነ የባትሪ ሽቦ የሳንቃውን ጠርዝ ቢነካ ሰሌዳው በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ ሽቦውን መጠቅለል ያስፈልጋል። የካርቦን ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሲሞረድና ሲበሳ ውኃ እየነኩ፣ አፍንጫና አፍ ሸፍነው ነው። እነዚህ በሥራው ኅዳግ ላይ መጻፍ የነበረባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ከመዋቅሩ የሚመጣ ስለሆነ ይቅር የሚባል ነው፤ መጠቀስ ግን አለበት። ተጨምቆ የሚያዝ ክንድ ይላላል። የላላ ክንድ ይነዝራል፤ ንዝረቱ የበረራ መቆጣጠሪያውን አነፍናፊ ያሳስተዋል፣ ምስሉም ይርገበገባል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በብሎኑ ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጥበቂያ ሙጫ፣ ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላም ክንዶቹን በእጅ አወዛውዞ ማየት። ወጥ ፍሬም የሚመርጡ ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ናቸው፤ ክርክሩን የሚያሸንፉት ግን ምትክ ክንድ በቅርብ በሚገኝበት አገር ነው።

አራተኛው የልክ ጉዳይ ነው። ባለ 5 ኢንች ድሮን ለደሴ ሰፈሮች ትልቅ ነው። ከተማዋ ከጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ ተጨናንቃ የተሠራች፣ ቤት ከቤት በላይ የተደራረበባት ናት። እንዲህ ባለ ቦታ 130 ጁል የሚይዝ ነገር ማብረር ለሰውም ለንብረትም አስጊ ነው። ባለ 3 ኢንች ድሮን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 ግራም አይበልጥም፤ በዚያው ፍጥነት የሚያሳርፈው ጉልበትም ከግማሽ በታች ነው። ትንሽ ነገር ሲወድቅ የሚተርፈውም ለዚህ ነው፤ ልኩ ሲያንስ ክብደቱ ከጥንካሬው ፈጥኖ ይቀንሳል። ለጀማሪ ደግሞ ከዚያም የሚያንሱ፣ ፕሮፔለራቸው በፕላስቲክ ቀለበት የተከበበ የቤት ውስጥ ድሮኖች አሉ፤ ፕላስቲኩ ሲጋጭ ይለመጣል፣ ይመለሳል። «ሶርስ ዋን» ለረጃጅም ክንዶች፣ ለ7 ኢንች ፕሮፔለር ሳይቀር ቦታ ሲሰጥ፣ ወደ ትንሹ ልክ በዚያው ትጋት አለመውረዱ ለእኛ ዓይነት ተጠቃሚ ቅሬታ ነው።

ከንድፉ ውጭ የሆነ፣ ግን ሊታለፍ የማይችል ነገርም አለ። በኢትዮጵያ ድሮን ማስገባትና ማብረር የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚመለከታቸው አካላት ናቸው። ያለ ፈቃድ የመጣ ዕቃ ቦሌ ላይ ይያዛል። ደሴ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣን ነገር በቀላሉ የምታይ ከተማ አይደለችም፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ የቀይ መስቀል ሆስፒታሉን ሳይቀር መትቷል። ሰው ራስ ላይ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ከማብረር በፊት ፈቃድም፣ የጎረቤት ስምምነትም፣ ሰፊ ሜዳም ያስፈልጋል። ፍሬምን ማጥናት ግን ማብረርን አይጠይቅም። ክንዱ በሞርሳ ተይዞ፣ ጫፉ ላይ ክብደት እየተንጠለጠለ ስንት እንደታጠፈና በስንት እንደተሰበረ መለካት ይቻላል፤ የውፍረቱ ሕግም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይረጋገጣል።

ፍርዴ ይህ ነው። ፈቃድ ኖሮት፣ ባለ 5 ኢንች ድሮን የሚሠራ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው በመጀመሪያ ሊመርጠው የሚገባው ፍሬም «ሶርስ ዋን» ነው። የተሻለ የተጠናቀቀ፣ የተሻለ የሚያምር፣ ለክብደቱ የበለጠ ግትር ፍሬም ሌላ ቦታ ያገኛል፤ ሲሰበር እጁን የማያስር ግን በቀላሉ አያገኝም። ሲያዝዝ ቢያንስ አራት ትርፍ ክንድ አብሮ ይዘዝ፤ ከታወቀ ሻጭ ይግዛ፤ የብሎን ማጥበቂያውን ሙጫ አይርሳ። በሰፈር መሐል ለመማር ያሰበ ግን ይህን ይተወውና በባለ 3 ኢንች ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀምር።

ለደሴው ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ሥዕል እንደ መማሪያ ጽሑፍ ውሰዱት። አንዱ ቡድን ክንዱን በኮምፔንሳቶ፣ ሌላው በአሉሚኒየም፣ ከተገኘም ሦስተኛው በካርቦን ይቁረጥ፤ ሦስቱም በሞርሳ ላይ ይሰበሩ፣ ውጤቱም በቁጥር ይመዝገብ። ንድፉ የጎደለውን የምክንያት ማብራሪያ ደግሞ ተማሪዎቹ በአማርኛ ይጻፉለት፤ ሥራው ክፍት ነውና ከነሥዕሉ ለሌላው ማካፈል ይቻላል።